በአንድ ዓመት ሦስት ስንብት፦ የአንዲት የኮምቦልቻ ዓለም አቀፍ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ

በ2015 ዓ.ም. አጥቢያችን ሦስት ሰዎችን አሰናበተች። አንደኛውን በጋቢ፣ በኬክ፣ በእንባና በሁለት ቋንቋ ጸሎት ሸኘናቸው። ሁለተኛውን በግማሽ ገጽ ደብዳቤ አሰናበትናቸው። ሦስተኛዋ ደግሞ መሄዷን እንኳ ሳናውቅ ሄደች። ያን ጊዜ የሽማግሌዎች ጉባኤ ጸሐፊ ነበርኩ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤዎቹም በእጄ የተጻፉ ናቸው። በሁለት ቋንቋ የሚያመልኩና ከውጭ አገር የመጣ መጋቢያቸውን ለመሸኘት የሚዘጋጁ አጥቢያዎች እንዲጠቀሙበት ጉዳዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው እጽፈዋለሁ። የቤተ ክርስቲያኗንና የሰዎቹን ስም ትቻለሁ።

ቤቱን አስቀድሜ ላስተዋውቅ። የእንግሊዝኛው አምልኮ የተጀመረው በአንድ ሳሎን ውስጥ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በኮምቦልቻ ባለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያስተምሩ ሕንዳውያን መምህራን ከአገራችን ልጆች ጋር እየተሰበሰቡ ይጸልዩ ነበር። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው የባቡር መስመር ሥራ ሲጀመር፣ ከዚያም የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ፣ የውጭ አገር ባለሙያ በከተማዋ በዛ፤ ቀድሞ ከሳሎኑ ወጥተን የተከራየነው አዳራሽ ሞላ። መጋቢውም በዚያው ዓመት ከኬንያ መጡ። ደመወዛቸውን የምትከፍለው የላከቻቸው ቤተ ክርስቲያን ስለነበረች የእኛ መባ የሚውለው ለቤት ኪራይ፣ ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለሒሳብ ሠራተኛና ለልጆች አገልግሎት ብቻ ነበር።

ስማችን ዓለም አቀፍ ይሁን እንጂ አዳራሹን የሞላው የኮምቦልቻ ሰው ነበር። እንግሊዝኛ ሰሚዎቹ ከፊት ሁለት ረድፍ ይይዛሉ። ከእነርሱ ኋላ ያለው ሁሉ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ልጅ ያዘለችው እናት፣ ስብከቱን የሚሰማው በአስተርጓሚ ነው። ይህን ሁላችንም በየሳምንቱ እናየዋለን። ምን ማለት እንደሆነ ግን ቆም ብለን አላሰብንበትም ነበር።

ጦርነቱ በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ አብዛኛው ምእመን ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ሸሸ። በኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ ተመልሰው በመንግሥት እጅ ሲገቡና ስንመለስ ወንበሮቹ፣ የድምፅ መሣሪያው፣ የቢሮው ኮምፒውተር አልነበሩም። ፓርኩም ተዘርፏል። በታኅሣሥ 23 ቀን ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከምትሰጠው የቀረጥ ነፃ ዕድል፣ ውጭ ሆነች፤ የወጡት የውጭ አገር ሰዎች ብዙዎቹ አልተመለሱም። የፊተኞቹ ሁለት ረድፎች ወደ አንድ ረድፍ ወረዱ።

ከዘረፋው የተረፈልን ኦርጋኑ፣ የሒሳብ መዝገቡና የአዳራሹ የኪራይ ውል ነበሩ። ያተረፏቸው የበር ጥበቃችን ናቸው። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ሙስሊም ናቸው፤ በወሎ ይህ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። እኛ ስንሸሽ እርሳቸው ከተማዋን አልለቀቁም። ኦርጋኑን በማዳበሪያ ጠቅልለው ከቤታቸው የማሽላ ጎተራ ውስጥ ቀበሩት፤ መዝገቡንና ውሉን ደግሞ ባለቤታቸው ከልብስ ሣጥን ሥር አኖሩት። ስንመለስ ኦርጋኑን በጋሪ ጭነው አመጡና ከመድረኩ ሥር አኖሩት፤ «እህሉን ትንሽ ነቀዝ ነክቶታል፣ ይህ ግን ደህና ነው» አሉ። በዚያ እሑድ በጭብጨባ አመሰገንናቸው።

መጋቢው እንደሚሄዱ የነገሩን በመስከረም 2015 ነው። የላከቻቸው ቤተ ክርስቲያን የአገልግሎት ዘመናቸውን ዘግታለች፤ በየዓመቱ የሚታደሰው የሥራ ፈቃዳቸውም ከእንግዲህ አይታደስም። የገናን በዓል አብረውን አክብረው በጥር ይሄዳሉ። እንደ ጊዜው አራት ወር በቂ ነበር። አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አቋቋምን፣ ጾም ጸሎት አወጅን፣ የተተኪውን መመዘኛ ጻፍን። ያን ጽሑፍ አሁን ሳነበው ያሳዝነኛል። ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ሰባኪ ነው፦ የሥነ መለኮት ትምህርቱ፣ የእንግሊዝኛ ችሎታው፣ የጋብቻ ሕይወቱ፣ የስብከት ልምዱ። ስለ ሌላው ሠራተኛ አንድ መስመር የለውም። የመጋቢው ደመወዝ ከእንግዲህ ከእኛ መባ ስለሚወጣ ከየት እንደምንቀንስ ግን በአንዲት ማታ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨረስን። ከሁለት የጥበቃ ሠራተኞች አንዱ ይቀነስ፤ የአስተርጓሚዋ የመጓጓዣ አበል ይቅር። ሁለቱም ያለ ክርክር አለፉ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ተስማምተናል» ብዬ ጻፍኩ።

ስለ አስተርጓሚዋ ሰፋ አድርጌ መናገር አለብኝ፤ የጉዳዩ ልብ እርሷ ጋ ነውና።

መምህርት ናት፤ የምትኖረው ደሴ ነው። በየእሑዱ በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዳ ትመጣለች፤ መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ክረምት ሲሆን ደሴ ላይ በጋቢ ተጠቅልላ ትነሣለች፣ የሐረጎ ጉም መንገዱን ይሸፍነዋል፣ ኮምቦልቻ ስትደርስ ሙቀቱ ይቀበላታል። ስድስት ዓመት እንዲህ ተመላልሳለች። ሥራዋ ዓርብ ማታ ይጀምራል። መጋቢው የስብከቱን ሐሳብ ይልኩላታል፤ እርሷ ጥቅሶቹን በ1954ቱ ትርጉምና በአዲሱ መደበኛ ትርጉም እያመሳከረች ታነባለች። እናቶቹ መዝሙረ ዳዊትን በቃላቸው የሚያውቁት በ1954ቱ ነው፤ ቃሉ ተቀይሮ ሲነበብላቸው እርስ በርስ ማንሾካሾክ ይጀምራሉ፤ ስብከቱም እዚያው ላይ ይበተናል። ይህን የምታውቀው እርሷ ብቻ ነበረች።

መጋቢው የሞምባሳ ልጅ ናቸው፤ ያደጉት ወደብ ዳር ነው። ምሳሌያቸው ሁሉ ከባሕር ይቀዳል። አንድ እሑድ በዕብራውያን ምዕራፍ 6 ላይ ስለ ነፍስ መልሕቅ ሰበኩ። መልሕቅን ከመጽሐፍ እናውቀዋለን፤ ከመካከላችን መርከብ በዓይኑ ያየ ግን ጥቂት ነበር። እርሷ ቃሉን እንዳለ ተረጎመችው፣ ትንፋሽ ወሰደች፣ ከዚያም «ቦርከና ሞልቶ ሳለ ከወዲያ ማዶ ዛፍ ላይ የታሰረ ገመድ ይዘህ እንደ መሻገር ነው። ጎርፉ አንተን ያንገላታሃል፤ ገመዱን ግን አይነቅለውም» አለች። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «እሰይ!» ብለው ጉልበታቸውን መቱ። መጋቢው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረው እርሷ ሁለት መናገሯን ያውቃሉ። ፈገግ ብለው ጠበቋት።

የጥር ሽኝት ያማረ ነበር። መዘምራኑ በስዋሂሊ አንድ መዝሙር አጥንተው ዘመሩ፤ መጋቢው ጋቢ ለበሱ፤ ንግግር ያደረጉ ሰዎች ሁሉ በእርሷ አፍ ተናገሩ። የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ስሟ አልነበረም። አባባ በር ላይ ቆመው እንግዳ ያስገቡ ነበር። በማግስቱ ሰኞ ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። «በበጀት እጥረት ምክንያት ከየካቲት 1 ቀን ጀምሮ» ይላል፤ የቀራቸው ሁለት ሳምንት ግድም ነበር። አንብበው የሚጨርሱ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅሁ። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና «እሺ ልጄ» አሉኝ። ቀላል ሆነልኝ ብዬ ወደ ቢሮ ገባሁ።

ከየካቲት ጀምሮ እንግዳ ሰባኪዎች እየተቀያየሩ መጡ። ጉባኤው ግን መሳሳት ጀመረ። እኛ የፈራነው እንግሊዝኛ ሰሚዎቹ ይበተናሉ ብለን ነበር፤ እነርሱ ከመጋቢው ጋር በስልክ እየተጻጻፉ ረድፋቸውን ይዘው ቆዩ። የሳሳው የኋላው ነው። እናቶቹ አንድ እሑድ ይመጣሉ፣ ሁለት ይቀራሉ። ኮሚቴው ምክንያቱን «መጋቢ ስለሌለ ነው» ብሎ ያዘና ፍለጋውን አፋጠነ። አስተርጓሚዋም ከየካቲት አጋማሽ ወዲህ አለመምጣቷን የሚጠይቅ ሰው አልተገኘም። ታማ ይሆናል፣ የትምህርት ቤት ፈተና ይዟት ይሆናል እያልን አምስት እሑድ አለፈ። በምትኩ እንግሊዝኛው የሰላ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አቆምን። ልጁ ቃል አያስቀርም፤ ሰባኪው «ባቡሩ አመለጠን» ካለ እርሱም «ባቡሩ አመለጠን» ይላል። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ከዓርብ ጀምሮ እንዲዘጋጅ ያደረገው ማን አለ? የግማሽ ሰዓት ስብከት በትርጉም አንድ ሰዓት ይሆናል፤ ያ አንድ ሰዓት ልብ ካልነካ ለአንዲት ሕፃን ለያዘች እናት በጣም ረጅም ነው።

ያነቃን ቅሬው፣ በሌላ አካባቢ ዕድር የሚባለው የሠፈር መረዳጃ፣ ነው።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ኢድ አልፈጥር ሚያዝያ 13 ዋለ። በሁለቱ በዓላት መካከል፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ የሠፈሩ ቅሬ ዳኛና አንድ ሌላ ሽማግሌ ቢሮአችን መጡ። ዳኛው ሙስሊም፣ አብሯቸው የመጡት ኦርቶዶክስ ናቸው። እንኳን አደረሳችሁ ተባብለን ተቀመጥን፤ ዳኛው ጾም ላይ ስለነበሩ ሻይ አላቀረብንም። ጉዳያቸውን በጥቂት ቃል ተናገሩ፦ «ያሰናበታችሁት ሰው ከእኛ ጋር ቅሬ የገባ ነው። ጥፋት ካለው ንገሩንና እኛ እንገሥጸው። ጥፋት ከሌለው ግን ሰው ፊት ንገሩት።»

ነገሩ ወዲያው አልገባንም ነበር። ከዚያ አስረዱን። አሥራ አንድ ዓመት አንድ በር የጠበቀ ሰው፣ ያውም በዚያ በክፉ ቀን ንብረት ያተረፈ፣ በድንገት ከበሩ ሲጠፋ ሠፈር ምን ይላል? ሰርቆ ነው ይላል። አባባ ከሁለት ወር በላይ ይህን ተሸክመው በመስጊድ፣ በቀብር፣ በገበያ ተመላልሰዋል። እቤታቸው ሄደን ይቅርታ ስንጠይቃቸው ያሉኝን አልረሳውም፦ «ደመወዝ አልጠየቅሁም ልጄ። ብር የለንም ካላችሁ የለንም ነው። ግን ሰው ለምን ወጣህ ሲለኝ ምን ብዬ ልመልስ? የምሰጠው መልስ አልሰጣችሁኝም።»

ከሽማግሌዎቻችን አንዳንዶቹ ሕጉ ቤተ ክርስቲያንን አይመለከትም የሚል እምነት ነበራቸው። መነሻ አለው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሃይማኖት ድርጅቶች የሚመሠርቱትን የሥራ ግንኙነት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ከአዋጁ ውጭ ሊያደርግ እንደሚችል ይናገራል። ያማከርነው ጠበቃ ግን በር መጠበቅ መንፈሳዊ አገልግሎት ተብሎ ሊታለፍ እንደማይችል ነገረን። በአዋጁ መሠረት ከ9 ዓመት በላይ ያገለገለ ሠራተኛ የ3 ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል፤ እኛ የሰጠነው ሁለት ሳምንት ነው። ጡረታም አላስመዘገብናቸውም ነበር፤ ስለዚህ የሥራ ስንብት ክፍያ አለባችሁ አለን። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ። የወር ደመወዙ 3,000 ብር የሆነ ሰው 11 ዓመት ቢያገለግል 3,000 እና 10 ጊዜ 1,000፣ በድምሩ 13,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ ላይ ያልተሰጠው የማስጠንቀቂያ ጊዜ አለ። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ሳየው ያፈርኩት በብሩ ብዛት አይደለም፤ የመጋቢው ሽኝት ድግስ የወጪ ደረሰኝ በዚያው ፋይል ውስጥ ስለነበረ ነው። አንዱን ያለ ማንም ጥያቄ አውጥተናል፤ ሌላውን ቅሬ መጥቶ እስኪጠይቀን ጠብቀናል።

ክፍያውን በሦስት ጊዜ ልንከፍል ተስማማን። አንድ እሑድ ደግሞ የቅሬው ሰዎች ባሉበት፣ ጉባኤው ሳይበተን፣ አባባ ምንም ጥፋት እንደሌለባቸው፣ ያጠፋነው እኛ መሆናችንን ሊቀመንበሩ ተናገረ። ወደ ሥራ ይመለሱ ዘንድ ለመንናቸው። አልተቀበሉም። «በሩን ለወጣት ስጡት» አሉ። እንዲመለሱ መለመናችን ለእርሳቸው ነበር ወይስ እኛን እንዲቀለን? እስካሁን እጠይቃለሁ።

በግንቦት መጀመሪያ ከአንዲት የሴቶች አገልግሎት መሪ ጋር ሐረጎን ወጥተን ደሴ ሄድን። አስተርጓሚዋ የምትኖረው ከእናቷ ጋር በሰኞ ገበያ አቅራቢያ ነው። እናቷ ቡና አፈሉ፤ እስከ ቶና ድረስ የተናገርነው ስለ አየሩና ስለ ጤፍ ዋጋ ነው። በኋላ ስለ አበሉ ይቅርታ ጠየቅሁ። አበሉ መቅረቱን የሰማችው ከሒሳብ ሠራተኛው ነው፤ «ስምሽ ዝርዝሩ ላይ የለም» አላት፣ እርሷም አመስግና ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት በራሷ ገንዘብ መጥታ አስተርጉማለች።

«አበሉ አይደለም» አለችን። ሲኒውን አስቀመጠች። «ስብከት ካለቀ በኋላ ሰው ወደ መጋቢ ሲሄድ መካከላቸው የምቆመው እኔ ነኝ። ባሏ የሚመታት፣ ልጁ የጠፋበት፣ በጦርነቱ ጊዜ የደረሰባትን ለማንም ያልተናገረች፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። በእኔ አፍ ነው የተናገሩት፤ መጋቢም ያጽናኗቸው በእኔ አፍ ነው። መጋቢ ሄዱ፤ ያ ሁሉ እኔ ጋ ቀረ። ሚኒባስ ውስጥ፣ ገበያ ላይ ያገኙኛል፤ ዓይኔን ይሸሻሉ። ከእናንተ አንድ ሰው ከብዶሻል ወይ ብሎኝ አያውቅም።»

ለዚህ መልስ አልነበረንም። አብራኝ የመጣችው እህት ተነሥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እጇን ያዘቻት። በረካው እስኪቀዳ ድረስ ማንም አልተናገረም።

ለእኔ የጉዳዩ ቁም ነገር እዚያ ጎጆ ውስጥ ነው የተገለጠልኝ። ለስድስት ዓመት የኮምቦልቻን ሰው ድምፅ ሆና የጠበቀችው እርሷ ነች፤ እኛ ግን የመጋቢ ለውጥ ስናቅድ እርሷን ከማይክሮፎኑ ጋር ቆጥረናታል። ምእመኑ እረኛውን ያጣው በጥር ሳይሆን በየካቲት ነው። አጥቢያ በአስተርጓሚ የሚሰብክ ከሆነ መጋቢው ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ማረፊያ፣ የሚያናግረው ሰው፣ ምሥጢሩን በአደራ የሚያስረክብበት ሥርዓት ያስፈልገዋል። ይህን በየትኛውም የመተዳደሪያ ደንብ ላይ አላየሁትም።

ተመለሺ ብለን ስንለምናት ሐሳብ ሰጠችን እንጂ አልተመለሰችም። «ለምን ትገለብጡታላችሁ?» አለች፤ «ሰዉ አማርኛ ተናጋሪ ነው። ስብከቱ በአማርኛ ይሁን፤ ለቀሩት ጥቂት እንግዶች ጎናቸው ተቀምጦ በዝግታ የሚያስተረጉም ሰው አቁሙ።» ኮሚቴው ሁለት ስብሰባ ተከራከረ። «ታዲያ ዓለም አቀፍ መሆናችን ምኑ ላይ ነው?» የሚል ጥያቄ በቃለ ጉባኤው ተመዝግቧል። በመጨረሻ ተቀበልነው። ከመመዘኛው ውስጥ የእንግሊዝኛ ስብከት ልምድ የሚለው ወጣ፤ እርሱ ሲወጣ ደግሞ ቀደም ሲል ሳናናግር ያለፍነው አንድ ሰው ቁጥር ውስጥ ገባ። በሰኔ ሥራ ጀመረ። ያ ተማሪም አሁን የሚያስተረጉመው ወደ እንግሊዝኛ ነው፤ ዓርብ ማታ ጽሑፉ ይደርሰዋል፣ ሥራው አምሮለታል።

ሁሉም አልተስተካከለም። አንድ ሕንዳዊ መምህር፣ ከሳሎኑ ዘመን ጀምሮ አብሮን የነበረ፣ «እንደገና እንግዳ ሆንኩ» ብሎኛል፤ እውነቱን ነው፣ ለእርሱም ዕዳ አለብን። መምጣት ካቆሙት እናቶች የተመለሱት የተወሰኑት ናቸው። በሐምሌ መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድም አስቸጋሪ ሆነ፤ ከአስተርጓሚዋ ጋር ጀምረነው የነበረው ውይይት ተቋረጠ። የአባባ ሦስተኛ ክፍያ የዘገየው በእኛ ድክመት ነው፤ በጳጉሜን ተከፈለ።

የመጨረሻውን ክፍያ ሊቀበሉ በመጡ ዕለት ለአዲሱ ጥበቃ ርክክብ ያደርጉ ዘንድ ጠየቅኋቸው። በጥር ይህን ማድረግ ነበረብን። ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ተቀመጥን፤ እርሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ፣ ወጣቱ አዳመጠ። የውኃ ታንከሩ ቁልፍ ሁለት ነው፤ ሁለተኛው ከጎረቤት ከባለ ሱቋ ዘንድ ነው። ክረምት ላይ በስተ ምሥራቅ ያለው ቦይ በቅጠል ይደፈናል፤ ካልተጠረገ ውኃው በልጆቹ ክፍል ይገባል። የመዘምራን ልጆች ቅዳሜ ማታ ያመሻሉ፤ ሴቶቹን እስከ አስፋልቱ ድረስ መሸኘት ነው። እሑድ ስብከት ሳያልቅ የምትወጣ እናት ካለች ዝም ብለህ አትለፋት፤ ውኃ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቃት። ክፉ ቀን ቢመጣ የኦርጋኑ ማዳበሪያ እዚያው ከመድረኩ ኋላ ተጣጥፎ አለ።

ሁለት ገጽ ተኩል ሆነ። አንብብልኝ አሉኝ፤ አነበብኩላቸው። «ሴቶቹን» የሚለው ላይ አስቆሙኝና «ልጆቹን በል» አሉ፤ ሰርዤ አስተካከልኩ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠራረጉና ለወጣቱ ሰጡት።